ፈርም ከመባሉ በፊት

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆችና ለመምህራን ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። እዚያ ሰዓት ስላጠረኝ የዘለልኩትን አንዳንድ ነገር እዚህ ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የእድር ስብሰባ አለ። ያን ሁሉ ትቶ ስለ ትምህርት ለመስማት መምጣት ቀላል አይደለም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። አሥር ዓመት ሲቪክስ አስተምሬአለሁ። ሙሉ ስሙ «የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት» ነበር፤ ተማሪው ግን ሲቪክስ ነው የሚለው። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጬ ባንክ ገባሁ። አሁን የምሠራው ብድር ክፍል ነው። ዛሬ የማወራችሁ በሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጬ ስላየሁት ነገር ነው፦ የገንዘብና የዜግነት ትምህርት ለምን አብረው መሰጠት እንዳለባቸው።

አምና አንድ ወጣት ቢሮዬ መጣ። ገና ከበር ሲገባ አወቅኩት። ተማሪዬ ነበር፣ ያውም ጎበዝ ተማሪ። ሲቪክስ ላይ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ። እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ጓደኛው ባጃጅ ሊገዛ ከአንድ አበዳሪ ገንዘብ ሲወስድ እሱ ዋስ ሆኖለታል። ጓደኛው አራት ወር ከፍሎ ጠፋ። ስልኩ አይሠራም፣ ባጃጁም የት እንደገባ አይታወቅም። አበዳሪው ጓደኛውን ፍለጋ አልደከመም። ቀጥታ ወደ እሱ መጣ።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ እሱን መክሰስ አልነበረባቸውም? እኔ እኮ ዋስ ብቻ ነኝ» አለኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። መሀል ላይ አራት ቃል አለች፦ «በአንድነትና በነጠላ ዋስ ሆኜ»። ይህች ሐረግ ካለች አበዳሪው ዋናውን ተበዳሪ ሳይነካ ዋሱን መያዝ ይችላል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የምንተዳደርበት የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደዚያ ነው የሚለው። ሐረጓ ባትኖር ኖሮ ልጁ «ቅድሚያ የእሱን ንብረት ፈልጋችሁ ሽጡ» ብሎ መከራከር ይችል ነበር። በአራት ቃል ያን መብቱን ሰጥቷል።

«ስትፈርም አላየሃትም?» አልኩት።

«አይቻታለሁ። የሕግ ቋንቋ ነው ብዬ አለፍኳት።»

ቀጥሎ የጠየቀኝ ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ሲነሳ፣ በትሕትና፣ ምንም ወቀሳ ሳይጨምርበት፣ «ይሄንን አስተምረውን ነበር እንዴ? ቀርቼ ይሆን?» አለኝ።

አልቀረም። እኔ ነኝ ያላስተማርኩት። ያስተማርኩት አሥራ አንዱን እሴቶች ነው። እዚህ ያላችሁ ወጣት ወላጆች አብራችሁኝ ልትሏቸው ትችላላችሁ፦ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ የአገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። (አዳራሹ ውስጥ ሦስት አራት ሰው እስከ መጨረሻው አብሮኝ ወረደ። አንዷ እናት ከእኔ ቀድማ ጨረሰች።)

ያያችሁ እንደሆነ ዘጠነኛዋ ቁጠባ ናት። መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ገንዘብንና ዜግነትን አንድ ላይ አስቀምጠው ነበር። እኔ ሐሳቡ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ብዙ ሰው ሁለቱን ሲለያያቸው እሰማለሁ። የገንዘብ አያያዝ የግል ብልጠት፣ ዜግነት ደግሞ የመንግሥት ወሬ ተደርጎ ይታያል። ያቺ የዋስ ወረቀት ግን የየትኛው ናት? ገንዘብም ናት፣ ሕግም ናት። «ዋስ» የሚለው ቃል ራሱ እቁብ ውስጥ አለ፣ ባንክ አለ፣ ሥራ ስትቀጠር አለ፣ ፖሊስ ጣቢያም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ የዋስ መብትም አለ። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ብለው ሲሟገቱ መጀመሪያ የሚጠሩት ዋስ ነበር። ከእኛ ባህል የወጣ ቃል ነው። ልጆቻችን ግን ትርጉሙን የሚማሩት ከፈረሙ በኋላ ነው።

የቁጠባዋን ምዕራፍ እንዴት እንዳስተማርኳት ልናገር፤ ትንሽ ያሳፍረኛል። ቁጠባ ጥሩ ነው፣ ብክነት መጥፎ ነው፣ የቁጠባ ተቋማት እነዚህና እነዚህ ናቸው። ጻፉ። በ2014 ዓ.ም. አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ።

«ቲቸር፣ ባንክ ስንት ነው የሚከፍለው?»

«ሰባት በመቶ» አልኩ።

«እናቴ ግን አምና በሺህ ብር የገዛችውን ዕቃ ዘንድሮ በሺህ ሦስት መቶም አላገኘችውም። ታዲያ መቆጠብ ኪሳራ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ልጅቷ ልክ ናት። የዚያን ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሺህ ብሯ ባንክ ከርማ 1,070 ትሆናለች፤ ዘይቱና ጤፉ ደግሞ 1,300 አልፏል። መጽሐፉ ለዚህ መልስ የለውም። እኔም ያን ቀን «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው እንመለስበታለን» ብዬ ሸሸሁ። መምህራን፣ ይህቺን ዘዴ ታውቋታላችሁ።

ዛሬ ቢሆን መልሴ ሌላ ነው። ለአስቸኳይ ቀን የሚሆን ገንዘብ ቢሸረሸርም ባንክ ይቀመጣል፤ ልጅ ሲታመም ጤፍ ተሸጦ አይደረስም። ከዚያ የተረፈው ወደ ሙያ፣ ወደ ዕቃ፣ ወደ ሥራ ይዞራል። ቀጥሎ ደግሞ ሁለተኛውን ግማሽ እነግራታለሁ። ዋጋ ዝም ብሎ አይንርም። ገንዘብ ምን ያህል እንደሚታተም፣ ወለዱ ስንት እንደሚሆን፣ የምንዛሪው ነገር እንዴት እንደሚያዝ የሚወስን አካል አለ፤ ብሔራዊ ባንክ ይባላል። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አልፏል። ያንን የወሰነው ማን ነው? ለማን ነው መልስ የሚሰጠው? ይሄ ጥያቄ ሲቪክስ ነው። ከልጅቷ እናት ዘንቢል ተነስተን ነው እዚህ የደረስነው።

እኔ የምለው እንግዲህ ይሄ ነው። ገንዘብንና ዜግነትን በአንድ ትምህርት፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ፣ በግዴታ እንስጥ። የምናስተምረው በእሴት ዝርዝር ሳይሆን በወረቀት ይሁን፤ ልጁ ነገ እጁ ላይ በሚገባው እውነተኛ ወረቀት።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የደመወዝ ወረቀት። አንድ ልጅ ተቀጠረ እንበል፣ ደመወዙ 10,000 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 7,650 ነው። ልጁ «ተዘረፍኩ» ይላል። እስኪ አብረን እንየው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 700 ብር። በነገራችን ላይ አሠሪው በላዩ ላይ 11 በመቶ ይጨምርለታል፣ ያንን ብዙ ሠራተኛ አያውቅም። የቀረው ግብር ነው፤ 1,650 ብር። ግብሩ እንዴት መጣ? የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 300። ከዚያ በላይ ያለው 3,000 ላይ 20 በመቶ፣ 600። የመጨረሻው 3,000 ላይ 25 በመቶ፣ 750። ሲደመር 1,650።

ይሄን ሰሌዳ ላይ የሠራ ልጅ አንድ ትልቅ ስህተት ይተዋል። «ጭማሪ አልፈልግም፣ ታክሱ ይበላዋል» የሚሉ ሰዎች መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አሉ አይደል? አትሳቁ፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ከፍ ያለው መቶኛ የሚያርፈው በጭማሪው ላይ ብቻ ነው፤ ከታች ያለው ገንዘብህ አይነካም። ይሄን ለመረዳት የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል።

አሁን ያቺኑ ወረቀት ገልብጡና ሲቪክስ አድርጓት። ቀድሞ በነበረው ስሌት ከዚሁ 10,000 ብር የሚቆረጠው ግብር 2,045 ነበር። ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነው። አሁን 395 ብር ቀንሷል። ማን ቀነሰው? አለቃህ አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሐምሌ 2017 ያጸደቀው አዋጅ ነው፣ ቁጥሩ 1395። (የቀረልህ 395፣ አዋጁ 1395፤ እንዲሁ አጋጣሚ ነው፣ ግን ለማስታወስ ይመቻል።) የድሮው ሰንጠረዥ የወጣው በ2008 ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ኑሮው ስንት እጥፍ ሲሆን 600ዋ ብር ለምን ዝም ብላ ቆየች? ማን መጠየቅ ነበረበት? የአንተን የምርጫ ክልል የሚወክለው ሰው ስሙ ማን ነው? ይሄን ስጠይቅ ክፍል ውስጥ ዝም ይባላል። እዚህም አዳራሽ ውስጥ ዝም ተብሏል፣ አይቻችኋለሁ።

ደረሰኝም እንደዚሁ ነው። ሱቅ ስትገቡ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ትባላላችሁ። የ2,000 ብር ዕቃ ላይ 15 በመቶ ቫት 300 ብር ነው። ያለ ደረሰኝ ሲሆን «ይቀንስልሃል» ይባላል፤ አንዳንዴ ከ300ው መቶ ቀንሶ ሁለት መቶውን ኪሱ ይከታል። ልጁ አተረፍኩ ብሎ ይወጣል። ዕቃው ቢበላሽ ግን የሚመልስበት ማስረጃ የለውም። መንገዱ ለምን ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ ብሎ ሲማረር ደግሞ ያቺን ሦስት መቶ አያስታውሳትም። ይሄን በንዴት አልናገርም። እኔም ያለ ደረሰኝ ገዝቼ አውቃለሁ።

ተቃውሞዎችን እንይ። የመጀመሪያው «ሲቪክስ የካድሬ ትምህርት ነው» የሚለው ነው። ይሄ ስሜት ከሜዳ አልመጣም። በንጉሡ ጊዜ ግብረ ገብ ነበር፣ በደርግ የፖለቲካ ትምህርት መጣ፣ ከዚያ ሲቪክስ፣ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የዜግነት ትምህርት» ተብሏል። መንግሥት ሲቀየር ስሙ ይቀየራል። ተማሪው ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ሲሰበክ ያውቃል። ለዚህ ነው በወረቀት እናስተምር የምለው። የደመወዝ ወረቀት ፓርቲ የለውም። አንቀጽ 19ን ልጁ ራሱ ያንብብ፤ መምህሩ አያብራራለት፣ ይጠይቀው እንጂ።

ሁለተኛው «9ኛ ክፍል ላይ ኢኮኖሚክስ ገብቷል፣ ይበቃል» የሚለው ነው። መግባቱ ጥሩ ነው። ግን የፍላጎትና የአቅርቦት መስመር መሳል የሚችል ልጅ የብድር ውል ማንበብ ይችላል ማለት አይደለም።

«ለምን በግዴታ? የፈለገ ይማር» የሚሉም አሉ። ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ይሄን ትምህርት አያጣውም። በአባቱ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ነው ያደገው። ዱቤ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደማይሰጥ፣ የትኛው ወረቀት እንደማይፈረም በአሥር ዓመቱ ያውቃል። የሚያጣው የገበሬው ልጅ ነው፣ የጥበቃው ልጅ ነው፣ የእኔ ቢጤው የመምህር ልጅ ነው። በፈቃድ ካደረግነው የሚወስደው ቀድሞ የሚያውቀው ይሆናል።

ደግሞ ቁጥሩን ተመልከቱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ይሻላል፣ ግን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና አንድ በላይ የሚሆነው ያንን መስመር አላለፈም ማለት ነው። ትምህርት ቤታችን ግን መቶውንም የሚያዘጋጀው ለዩኒቨርሲቲ ነው። ብዙው ልጅ ከዚህ በር ወጥቶ በቀጥታ ገበያ ውስጥ ነው የሚገባው። ሱቅ ይቀጠራል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ወይም ዓረብ አገር ይሄዳል። ሪያድ ወይ ቤይሩት ሄዳ ስድስት ዓመት ለፍታ፣ የላከችው ገንዘብ በወንድሟ ስም ቤት ሆኖ የጠበቃትን ልጅ የማያውቅ እዚህ ማን አለ? እያንዳንዳችሁ ሰፈር አለች። ውክልና ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ሥልጣን እንደሚሰጥ፣ እንዴት እንደሚሻር አንድ ክፍለ ጊዜ ብትማር ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባውም ቢሆን መጀመሪያ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል ነው። የመጀመሪያ ዕዳው ነው። ስንቱ አንብቦት ፈረመ?

ድሮ ብድር ለመውሰድ ሽማግሌ፣ ዘመድ፣ ዋስ ያስፈልግ ነበር፤ መሀል ላይ «ተው ልጄ» የሚል ሰው አይጠፋም። ከ2013 ወዲህ ቴሌብርና ሌሎችም መጥተው ስልክ የኪስ ባንክ ሆኗል። እኔ በዚህ ደስተኛ ነኝ፣ ለብዙ ድሃ ሰው በር ከፍቷል። ነገር ግን ዛሬ ለመበደር አውራ ጣት ይበቃል። «ተው» የሚለው ሰው የለም። እንግዲያው ያ ሰው ልጁ ጭንቅላት ውስጥ መቀመጥ አለበት። «አምስት ሰው አምጣ፣ እነሱም አምስት አምስት ያምጡ» የሚለውን ማጭበርበሪያም ካልኩሌተር ይዞ ያሰላው ልጅ አይበላም። አምስትን በአምስት እያባዛችሁ ሂዱ። አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ 244 ሚሊዮን ሰው ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ያን ያህል ሰው የላትም።

ውጭ አገር ምን ይሠራል ለምትሉ አንድ ነገር ልበል። እህቴ ቨርጂንያ ነው የምትኖረው። ዜግነት ለመውሰድ መቶ ጥያቄ ይዛ ወጥ እያማሰለች ስታጠና በቪዲዮ አይቻታለሁ፤ ሴናተር ስንት፣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ስንት። እኔ ሲቪክስ መምህሩ የራሴን አገር ምክር ቤት በዚያ ልክ አልሸመደድኩም። ልጇ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ለማግኘት ኢኮኖሚክስና የግል ገንዘብ አያያዝ የሚባል ትምህርት ማለፍ ግዴታዋ ነው። አሪዞና በ2015 እ.ኤ.አ. ያንኑ የዜግነት ጥያቄ ለትምህርት ቤት መመረቂያ አድርጋዋለች። ካሊፎርኒያ በ2024 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ትምህርቱን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ አውጥታለች፤ የሚጸናው ግን በ2031 ተመራቂዎች ላይ ነው፣ ለመምህራን ዝግጅት ጊዜ ሰጥተው። ያቺን የዝግጅት ጊዜ ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ ክፍለ ጊዜ የጎደለው መምህር ነው ሲቪክስ የሚሰጠው። የስፖርት መምህር ሲያስተምር አይቻለሁ፤ ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ግን ማንም አላዘጋጀውም።

አንድ የማልክደው ነገር አለ። 9ኛ ክፍል የተማሩትን በ25 ዓመት ማስታወስ ይከብዳል። የገንዘብ ትምህርት ከመጠቀሚያው ጊዜ ከራቀ ይተናል። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ላይ፣ ሊወጡ ሲሉ፣ በእጃቸው እየሠሩት ነው መማር ያለባቸው።

በእጅ መሥራት ስል የሆነውን ልንገራችሁ። በመጨረሻው የማስተማሪያ ዓመቴ ሃያ ተማሪ ሰብስቤ የክፍል እቁብ አስጀመርኩ። በሳምንት አምስት ብር፣ ዕጣው መቶ ብር። ዳኛ መረጡ፣ ጸሐፊ መረጡ፣ ደንብ ጻፉ። ደንቡ ላይ ሦስት ቀን ተጣሉ። የዘገየ ስንት ይቀጣ? ሁለት ብር ወይስ ሃምሳ ሳንቲም? የታመመስ? እንደዚያ ሲከራከሩ በአሥር ዓመት አይቼ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩ «ክፍል ውስጥ ቁማር ታጫውታለህ አሉ» ብለው ጠሩኝ። አስረዳሁ፤ ደግነቱ እሳቸውም እቁብተኛ ናቸው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዕጣ የወጣለት ልጅ መቶ ብሩን ይዞ ቀረ። ቤተሰቡ ሰፈር ቀይሮ ነው። ክፍሉ ተናወጠ። ያልደረሳቸው አሥራ ሰባት ልጆች ጮኹ። የዋህ ሆነው ደንቡን ገለጡ፤ ስለዚህ ምንም አይልም። ያን ጊዜ ያቺ ኋላ የምትቀመጠው ልጅ ተነስታ፣ «የሰፈራችን እቁብ ቀድሞ ለደረሰው ሰው ዋስ ጥራ ይለዋል። ለካ ለዚህ ነው» አለች። የዚያኑ ቀን አንቀጽ ጨመሩ። ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅም ጻፉበት፤ ይሄን ማንም አልነገራቸውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም አንቀጽ 1922 ላይ ዋስትና የገንዘቡ ጣሪያ ካልተጠቀሰበት አይጸናም ይላል። ልጆቹ ከፓርላማ ሳይማከሩ እዚያው ደረሱ።

ባጃጁ ላይ ዋስ የሆነው ልጅ ከዚያ ክፍል አልነበረም። ከእነሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የተመረቀው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ጥያቄዎቹን ሁሉ እዚህ አልጻፍኳቸውም። አብዛኞቹ ስለ መምህራን ሥልጠናና ስለ መጽሐፍ ነበሩ። ሰው ተበትኖ ዕቃዬን ስሰበስብ ግን አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ቀረብ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ የባሌ ወንድም ልጅ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ሲቀጠር እኔ ነኝ የፈረምኩለት። የዛሬ ሳምንት ነው። ያልከው የብሩ ነገር... የት ጋ ነው የሚጻፈው?»

ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልን። መነጽሬን አድርጌ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላቸው። ስማቸው አለ፣ የቤት ቁጥራቸው አለ፣ ፊርማቸው አለ። «እስከ ብር» ይላል፤ ከዚያ ነጥብ ነጥብ ነጥብ። ቦታው ባዶ ነው።)